የገረባ እሾህ

ሟቹ በሕይወት ሳለ ከነበረው ይልቅ ጤነኛ ይመስል ነበር። ጉንጩ ቀልቷል፤ ከንፈሩ እንደ ሕፃን ከንፈር ወዝቷል። ኢንስፔክተር ወለተሰንበት አጎንብሳ ፊቱን ካየች በኋላ ሳይታወቃት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያማረ ሬሳ ግን ሁልጊዜም ያስጠላታል።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «በየክረምቱ ከሰል አጭሰው የሚተኙትን የሚጨርሳቸው እሱው ነው። ትናንት ጠዋት፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል። ሌላ ጉዳት የለበትም። ገላውን ሁለቴ አጠብነው፤ ጠረኑ ግን አልለቅ አለ።»

ጠረኑ ጭስ፣ ኮምጣጤና የቆየ ቅጥራን ተቀላቅለው የፈጠሩት ነገር ነበር። ሐኪሙ በሩን ከፈተው። ወለተሰንበት አፍንጫዋን አልሸፈነችም። ሸፍና አታውቅም፤ ሥራዋ ግማሹ በአፍንጫ እንደሆነ ታምናለች።

ሟቹ ኢንጂነር ፈቃደ ይባላል። ከማስተማር ሥራው ጡረታ ወጥቶ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ ከእፅዋት ጥራጊ ዘይት የሚያወጣ ትንሽ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። ትናንት ረቡዕ እዚያው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኘ።

«ጉዳዩ አልቋል» አለ ሳጅን ሙሌ መኪናውን እየነዳ። «እሳት የሚያነደው ሠራተኛ፣ ቦጂያ የሚባለው፣ በርሜሉን በደንብ ሳይደፍነው ትቶት ሄደ። ጋዙ አፈሰ፣ ሰውየው ሞተ። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ይዘነዋል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«በርሜሉን አይተኸዋል?»

«ትናንት ገና ይግል ስለነበር አልቀረብንም። ዛሬ ጠዋት ግን ስንጥቁን በዓይኔ አየሁት። የሟቹ ሸሪክ አሳየኝ።»

ወለተሰንበት የመኪናውን መስኮት ዘጋች። ሽታው ከግቢው በፊት ደርሶ ነበር።

የቆርቆሮው በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የገረባ ክምር ነው። ቅጠሉ ተቅሞ የሚጣለው የጫት እንጨት በየጆንያው ታጭቆ፣ ረጥቦና ሻግቶ ተደርድሯል። ምራቅ የደረቀበት ቅጠል፣ የሲጋራ ቁራጭና የኦቾሎኒ ልጣጭ ተቀላቅሎበታል። ዝንቡ የተቆጣ ይመስል ነበር። ከጎኑ ከእንጨት ቤቶች የመጣ ሰጋቱራ አለ። ግቢው መካከል በጡብ ምድጃ ላይ የተቀመጠ ትልቅ የብረት በርሜል ነበር። ከአናቱ የወጣው ቧንቧ በቀዝቃዛ ውኃ ጋን ውስጥ ያልፍና ከዕቃ ላይ ይደርሳል። ዕቃው ውስጥ ጥቁር፣ ወፍራም ነገር ተኝቷል፤ ላዩ ላይ አንዲት ንብ ሞታለች።

«ይህ ነው ዘይታችን» አለ በሱፍቃድ፣ የሟቹ ሸሪክ። ከአርባ ዓመት ያለፈው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ሰው ነው። የተቀባው ሽቶ ከግቢው ጠረን ጋር ተደባልቆ የባሰ ያቅለሸልሽ ነበር። «ጥራጊው አየር በሌለበት በርሜል ውስጥ ይግላል። አይነድም፤ ይተናል። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይት ይሆናል። ዘይት ያልሆነው ጋዝ በዚህ የጎማ ቱቦ ተመልሶ ምድጃው ውስጥ ይነዳል። በርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ከሰል ነው። ምንም የሚጣል ነገር የለም፣ ኢንስፔክተር። ፈቃደ ‹ቆሻሻ የሚባል የለም፣ ሰነፍ እንጂ› ይል ነበር።»

መሐረብ አወጣ።

«ስንጥቁን ያሳዩኝ።»

የበርሜሉ ክዳን ዙሪያውን በጭቃ ተመርጓል። ጭቃው ደርቆ ግራጫ ሆኗል። በቀኝ በኩል፣ የሟቹ ክፍል ባለበት አቅጣጫ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ወለተሰንበት ከምርጊቱ አንድ ቁራጭ ነቅላ ወደ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ ምድጃው ሥር ቦጂያ የድሮ ምርጊት ከሚጥልበት ክምር ሌላ ሁለት ቁራጭ አነሳች። ጣቷ ጠቆረ። ሦስቱንም በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

«ትናንት ስንት ሰዓት ነው የመጡት?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ ለስብሰባ የናሙና ጠርሙስ ወሰድኩ። ቦጂያ እሳቱን ለኩሶ ሰጋቱራ ሊያመጣ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን፤ ረቡዕ ረቡዕ ልማዱ ነው። ከዚያ ሰንጋ ተራ እስከ አራት ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አሥር ሰው ይመሰክራል። ስመለስ ሳዲያ ትጮኻለች። ገና ስገባ ከክዳኑ ጥግ ጭስ ይተን ነበር። ሁሉንም ከግቢ አስወጣሁና መስኮቱን ሰብሬ ልረዳው ሞከርኩ…» መሐረቡን አጠፈው። «ቦጂያን አትጨክኑበት። ደሃ ነው። ጠበቃ እኔ አቆምለታለሁ።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች ወለተሰንበት።

በሱፍቃድ የግራ እጁን አንጓ አየ፤ ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «አራት ከሃያ።»

የሟቹ ክፍል ከምድጃው ጎን ተለጥፋ የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ በጠረኑ ስላማረረ ፈቃደ ራሱ መስኮቱን በፕላስቲክ አሽጎት ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የሙቀት መለኪያው ሽቦ የሚገባባት ቀዳዳ አለች። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ቀዳዳዋ ሰፊ። ወለተሰንበት ትንሿን ጣቷን አስገብታ አወጣችና አሸተተች። ፊቷ ተኮሳተረ። ወጥታ የጎማውን ቱቦ ጫፍ አየች። ምድጃው ላይ ተሰክቷል እንጂ አልታሰረም። ለማሰሪያ የተቆረጠች የካላማዳርያ ቁራጭ መሬት ላይ ወድቃለች።

ሳዲያ የዘይቱን ጥራት የምትመረምር የኬሚስትሪ ምሩቅ ናት። ከግቢው ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ጠርሙሶቿ መካከል ቁጭ ብላ ነበር። እጇ እስከ አንጓዋ ቡናማ ነው።

«አይለቅም» አለች ሳዲያ፣ ወለተሰንበት እጇን ስታይባት። «በሎሚ፣ በኑግ ዘይት፣ በበረኪና ሞክሬያለሁ። እናቴ ሊጥ አታስነካኝም።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ገባሽ?»

«አራት ሰዓት። ጋሼ ተቀምጦ ነበር። ‹ጋሼ› አልኩት። ሁለቴ ጠራሁት።» ከንፈሯን ነከሰች። «እንደ ሠርገኛ ቀልቶ…»

«ክዳኑ ላይ ጭስ አይተሻል?»

«እንጃ። እሱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ከኋላሽ የደበቅሽው ጠርሙስ ምንድነው?»

ሳዲያ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በጥቁሩ ዘይት ላይ እንደ ቀዘቀዘ ቅልጥም መረቅ ነጭ ስብ ረግቶበታል።

«ገረባ እንዲህ አይወጣውም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህ የፕላስቲክ ነው። ‹ከእፅዋት ብቻ የተሠራ› ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሰኞ ለጋሼ አሳየሁት። ወንፊት አምጥቶ ከሰሉን ሲነፋ ዋለ። ምን እንዳገኘ አልነገረኝም። ‹ቅዳሜ የነዋሪው ስብሰባ ላይ እናገራለሁ፣ ፋብሪካውንም እዘጋለሁ› ብቻ አለኝ። ፊቱን ቢያዩት… ሊያስመልሰው የደረሰ ሰው ይመስል ነበር።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገርሽም?»

«ፊርማው የኔ ነዋ!»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ መቅደላዊት ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ጥቁር ለብሳ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛለች።

«አልገባም» አለች። «እሱ በሕይወት እያለም ገብቼ አላውቅም። ትናንትም ሦስት ሰዓት ላይ ቁርሱን በር ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ ሄድኩ። ሳይበላው ቀረ።»

«በጠረኑ ምክንያት ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ሰው ምን የማይለው አለ? ልብሱን በረንዳ ላይ አስወልቀው ነበር። ለብቻው አስተኛው ነበር። ሽታውን ነው የጠላሁት እንጂ ሰውዬውን አልጠላሁም።» ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። «እሱ እኮ ምንም አይሸተውም ነበር። በኮሮና ጊዜ የጠፋው አልተመለሰለትም። ‹መቅዲ፣ አሁንም እሸታለሁ?› ይለኝ ነበር።»

«እንደማይሸተው ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ይቀልዱበት ነበራ።»

ቦጂያ በጣቢያው እስር ክፍል ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ስትገባ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ ባለቤቴ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ፍርድ ቤት ስንት ዓመት ይሰጠኛል?»

«ቁጭ በል። ክዳኑን እንዴት ነው የምትመርገው?»

ፍርሃቱ ከፊቱ ላይ ለአፍታ ጠፋ። «እናቴ አረቄ አውጪ ናት። የማሰሮዋ ምርጊት እንፋሎት አያሳልፍም፤ ካሳለፈ አረቄው በነነ ማለት ነው። ከሷ ነው የተማርኩት። አፈር፣ አመድና የጤፍ ጭድ አብኩቼ አሳድረዋለሁ። ለክዳኑ የመጣው የውጭ አገር ጎማ ሲቃጠል ኢንጂነሩ የኔን ጭቃ አይቶ ‹ዶክተር ቦጂያ› አለኝ። ጭቃዬ አያፈስም፣ እትዬ። በልጄ እምላለሁ።»

«ሰንጥቆ አያውቅም?»

«አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ያኔ ወዲያው ጭሱ ያስታውቅሃል፤ ይቅርታ፣ ያስታውቅዎታል። ስንጥቁ ውስጥ ቅጥራን ይገባና ጥቁር፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ይሆናል። ዳግመኛ ጭቃው አይሠራም፣ እጥለዋለሁ።»

«የጋዙን ቱቦስ?»

«በካላማዳርያ ጥፍር አድርጌ አስሬዋለሁ።»

ወለተሰንበት ልትወጣ ስትነሳ የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ላይ ዓይኗ አረፈ። አብጦ ጫፉ መግል ይዟል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«እሾህ ነው። ጋሽ በሱፍቃድ በፒክአፑ የሚያመጣውን ገረባ ከጆንያ ስገለብጥ ይወጋኛል። በዚህ ወር ሦስተኛዬ ነው።»

«ቦጂያ፣ ጫት እሾህ አለው እንዴ?»

ቦጂያ ጣቱን አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«የለውም» አለ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም በፋብሪካው ግቢ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ መቅደላዊት እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆርቆሮውን በር አልፋ ገባች። ሳዲያ ከጠርሙሷ ጋር ቆመች። ቦጂያ እጁ በካቴና ታስሮ ከሳጅን ሙሌ ጎን ነው። በሱፍቃድ ወደ እሱ ሄዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ ወንድሜ።»

ወለተሰንበት ወረቀቱን ፈታ ሦስቱን የምርጊት ቁራጮች ምድጃው ጠርዝ ላይ አሰለፈች።

«እነዚህ ሁለቱ ባለፉት ሳምንታት በርሜሉ እየጋለ የተሰነጠቁ ናቸው። የተሰነጠቁበትን ፊት እዩት።»

ሳጅን ሙሌ ነካው። ጣቱ በጥቁር ሙጫ ተለጠፈ። «ኤጭ!» አለና ሱሪው ላይ ሊጠርግ ሲል ተወው።

«ይህኛው ደግሞ ሰው ገደለ የተባለው ስንጥቅ ነው። ንካው።»

ነካው። ቁራጩ ደረቅ፣ ግራጫና ንጹሕ ነበር። ጭዱ እንኳ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

«በዚህ ስንጥቅ ጋዝ አላለፈም» አለች። «ጭቃው የተሰበረው በርሜሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በርሜሉ የሚቀዘቅዘው መቼ ነው፣ ሳዲያ?»

«ከአሥር ሰዓት ወዲህ።»

«ቦጂያን ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ይዛችሁታል፣ ሳጅን። በአሥር ሰዓት በእጃችሁ ነበር። ጭቃውን የሰበረው እሱ አይደለም። የሰበረው ሰው ግን ጥፋቱ የቦጂያ እንዲመስል ፈልጓል።»

ቦጂያ የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊቱ አነሳ።

«እንግዲያ ጋዙ በየት ገባ?» አለ ሙሌ።

ወደ ሟቹ ክፍል ግድግዳ መራቻቸው። «በዚህች ቀዳዳ። ውስጧ ዙሪያውን ቅጥራን ጠጥቷል። ከውጭ በጨርቅ ተጠርጓል፤ የውስጡን ልስን ግን ማንም ሊጠርገው አይችልም። የቱቦው አፍ ልክ ይገባባታል። ቱቦውን ከምድጃው ነቅሎ እዚህ የሰካው ሰው የቦጂያን ማሰሪያ ቆርጧል፤ መልሶ ሲሰካው ግን አላሰረውም። እሳት ከተለኮሰ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ጋዝ የሚመጣው?»

«አንድ ሰዓት ገደማ» አለች ሳዲያ፤ እጇ አፏ ላይ ነበር።

«ሁለት ሰዓት ላይ የተሰካ ቱቦ ሦስት ሰዓት ላይ መግደል ይጀምራል። የሰካው ሰው ሰንጋ ተራ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ኢንጂነር ፈቃደ መስኮቱ ታሽጓል፤ ጭሱ አይሸተውም። ይህን ሁሉም ያውቃል።»

በሱፍቃድ መሐረቡን አወጣ። «ኢንስፔክተር፣ ይህ ግምት ነው። የግቢው ቁልፍ ሳዲያም አላት። ወይዘሮ መቅደላዊትም የእሱ ቁልፍ አላት።»

«ልክ ነዎት፤ ቁልፍ ሦስታችሁም አላችሁ። ግን ከሦስታችሁ አንዱ ብቻ ያልነበረ ነገር አይቷል። ‹ገና ስገባ ከክዳኑ ጥግ ጭስ ይተን ነበር› ብለውኛል። አራት ሰዓት ላይ ክዳኑ ስንጥቅ አልነበረውም። ስንጥቁ ሳይኖር ጭሱን ያየ ሰው፣ ስንጥቁን ሊሠራው ያሰበ ሰው ብቻ ነው። ሁሉንም ከግቢ አስወጥተው ብቻዎን የቀሩትም እርስዎ ነዎት። ያኔ ነው ቱቦውን የመለሱት።»

«ሕይወት ላድን ነው የቀረሁት!»

«ሳዲያ ብትሆን ስንጥቁን ቅጥራን ትቀባው ነበር። ቦጂያም እንዲሁ። ይህን ነገር በእጁ የነካ ሁሉ ስንጥቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እርስዎ ግን ስድስት ዓመት ለእንግዳ ሲያስጎበኙት፣ አንድ ቀን አልነኩትም።»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው? ጓደኛዬ ነው!»

ወለተሰንበት ለሙሌ ምልክት ሰጠች። የቦጂያ ካቴና ተፈታ። «ክፈተው» አለችው። ቦጂያ ምርጊቱን በመዶሻ አፍርሶ ክዳኑን አነሳ፤ ከሰሉን በወንፊት ላይ ገለበጠ። አቧራው እስኪበርድ ጠበቁ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ነገር በጥቁሩ መካከል ብልጭ ይል ነበር። ቀጫጭን፣ የክብሪት እንጨት የሚያህሉ፣ ሃምሳ ወይም ስድሳ የሚሆኑ ብረቶች።

መርፌ ነው። የሐኪም መርፌ።

ወይዘሮ መቅደላዊት ፊቷን አዞረች። ሳዲያ ወደ ግድግዳው ሄዳ አጎነበሰችና አስመለሰች።

«ፕላስቲኩ ቀልጦ ዘይት ሆነ፤ የሳዲያ ጠርሙስ ላይ የረጋው እሱ ነው» አለች ወለተሰንበት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ደም የነካው ፋሻ ከሰል ሆነ። ብረቱ ቀረ። ሰጋቱራውን ቦጂያ በጋሪ ያመጣዋል። የገረባው ጆንያ ግን የሚመጣው በእርስዎ ፒክአፕ ነው። ሕክምና ቤት ሊያስወግደው የሚገባውን ቆሻሻ በክፍያ ተቀብለው ከገረባው ሥር ይደብቁታል። ጭሱን እነዚህ ፎቆች ላይ ያሉ ልጆች ይስቡታል። ፈቃደ ሰኞ ከሰሉን ሲነፋ ያየው ይህን ነው። ቅዳሜ ሊናገር ነበር። አስቀድሞ ግን ለጓደኛው ነገረው፤ ምክንያቱም ጓደኛው ነው።»

በሱፍቃድ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ፊቱ ላይ ያበጠው ዓይን ብቻ ይርገበገብ ነበር።

«እስከ ትናንት ድረስ የእጅ ሰዓት ያስሩ ነበር። አንጓዎ ላይ የማሰሪያው ነጣ ያለ ምልክት አለ፤ ዛሬም ጊዜ ስጠይቅዎ መጀመሪያ ያዩት እጅዎን ነው። ቱቦው ሲነቀል ውስጡ የተጠራቀመው ቅጥራናም ውኃ እጅ ላይ ይፈሳል። ሸሚዝ ይጣላል፤ እጅ በሽቶ ይታሻል። የቆዳ ማሰሪያ ግን ሽታውን አይለቅም።»

ካቴናውን ከፈታ በኋላ ወጥቶ የነበረው ሳጅን ሙሌ፣ ከፍርድ ቤት በወጣ የፍተሻ ትእዛዝ የበሱፍቃድን ፒክአፕ ፈትሾ ተመለሰ። በእጁ የታሰረ ፌስታል ይዟል። ሲፈታው የሽቶና የቅጥራን ሽታ አንድ ላይ ወጣ።

«የአባቴ ሰዓት ነው» አለ በሱፍቃድ። «መጣል አልቻልኩም።»

ቀጥሎ የተናገረው ነገር ሁሉንም ከመርፌው በላይ አስጠላቸው። ወደ ወንፊቱ እያመለከተ፣ «ያው ይቃጠላል ብዬ ነው» አለ። «ሜዳ ላይ ከሚጣል አይሻልም? ማን ተጎዳ?»

ቦጂያ የቆሰለ ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ ይመለከተው ነበር።

ሙሌ በሱፍቃድን ይዞ ከወጣ በኋላ ግቢው ውስጥ ዝንብ ብቻ ቀረ። ወይዘሮ መቅደላዊት ወደ ባሏ ክፍል ገብታ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሥራ ካፖርቱን አወረደች። አጥፋ ክንዷ ላይ ያዘችው። ነጠላዋ ከአፍንጫዋ ወርዶ ነበር።

ወለተሰንበት ከቧንቧው ሥር እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። አሸተተችው። ሦስተኛ ጊዜ ታጠበች። ቦጂያ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል።

«ተፈታሁ ማለት ነው፣ እትዬ?»

«ተፈተሃል።»

«ምርጊቴ አላፈሰም አይደል?»

«አላፈሰም።»

ፈገግ ሊል ጀምሮ ነበር። የመኪናዋን በር ከፍታ እንዲገባ ስትጠብቀው ግን ፈገግታው ቆመ።

«ታዲያ ወዴት ነው የምንሄደው? ቤቴ እኮ እዚሁ ነው።»

«ሆስፒታል። ደምህን ይመርምሩት። ዛሬ ብቻ አይበቃም፤ ከሦስት ወር በኋላም ትመለሳለህ። እስከዚያ ከባለቤትህ ጋር… ሐኪሙ ይነግርሃል።»

ቦጂያ ወደ መኪናው ገባ። እጁን ጭኑ ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው፤ የራሱ እንዳልሆነ ነገር፣ ማንንም እንዳይነካበት።